አንድ እሸት ቡና ይዤ መጥቻለሁ

እንደምን አረፈዳችሁ፣ አካም ጅርቱ!

ተማሪዎች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ባልደረቦቼ፣ በለቀማ ወቅት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። "እኔ ምን አውቃለሁ" ብላችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወላጆች ካላችሁ እባካችሁ ወደ ፊት ኑ። ዛሬ የማወራው ከእኔ ይልቅ እናንተ ስለምታውቁት ነገር ነው። ይኸው፣ እጄ ላይ ያለው እሸት ቡና ነው። ጠዋት ከጓሮ የለቀምኩት።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ "ሚቶኮንድሪያ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። እጅ በእጅ ሆነ። በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል ከመጽሐፉ፣ ሴል ውስጥ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥ ክፍል እንደሆነ አንዲት ፊደል ሳይስቱ መለሱልኝ። "እሺ፣ እናንተ ውስጥ አለ?" ስል ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ ብቻ፣ ያውም እየፈራች፣ "አለ መሰለኝ" አለች።

ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቤት ሲገቡ የሚያወሩት ኦሮምኛ ወይ አማርኛ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ደብተር ላይ ይቀራል እንጂ ጓሮ ድረስ አይሄድም። እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነው። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ነበር፣ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት። አራት ዓመት ሙሉ ሴል ሣልን፣ ሰየምን፣ ቀለም ቀባን። አንድም ቀን አላየንም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ቡናዬ ልመለስ። እሸቱን ጨመቅ ስታደርጉት ሁለቱ ፍሬዎች ሹልክ ብለው ይወጣሉ፣ ጣታችሁ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ይቀራል። ቅመሱት። ይጣፍጣል፣ ስኳር ነው። ከየት መጣ? "ከአፈር" የምትሉ ብዙ ናችሁ፣ ፈተና ላይም እንደዚሁ ትጽፉታላችሁ። ከአፈር የሚመጣው ውሃና ማዕድን ነው። የስኳሩ ካርቦን የመጣው ከአየር ነው። የቡና ቅጠልን ገልብጡት፤ በጀርባው በኩል ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ሞልተውታል፤ በእነሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፣ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ብርሃን ይይዛል፣ ከዚያ ውሃውና አየሩ ተዋህደው ስኳር ይሆናሉ። ብርሃን አስተፃምሮ የምንለው ይህንን ነው። ዋንዛ ጥላ ሥር ያለችው ቡናችሁ ከአፋችሁ የወጣውን ትንፋሽ ወስዳ ስኳር ልታደርገው ትችላለች። እኔ ይህን መጀመሪያ ሲገባኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያ ስኳር ሲበላ ደግሞ መጀመሪያ ተሰባብሮ ሚቶኮንድሪያ ጋ ይደርሳል። እዚያ በኦክስጅን ጨርሶ ይፈርሳል፣ ኃይሉ ኤቲፒ የሚባል ሞለኪውል ውስጥ ይቀመጣል፣ ልባችሁ የሚመታው በእሱ ነው። ተክሉም ራሱ ሚቶኮንድሪያ አለው። "ተክል ቀን ምግብ ይሠራል፣ ማታ ይተነፍሳል" የሚባለውን እባካችሁ ተዉት፣ ተክል ቀንም ማታም ይተነፍሳል።

አሁን በጣም የምወደው ቦታ ላይ ደረስኩ። የኤቲፒ የመጀመሪያ ፊደል፣ ኤ፣ አዴኖሲንን ነው የሚወክለው። አዴኖሲን ሌላም ሥራ አለው። ነቅታችሁ በቆያችሁ ቁጥር አንጎላችሁ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የነርቭ ሴሎች ላይ እሱን የሚቀበሉ ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ሲቀመጥ ድካም ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ ቅርጹ አዴኖሲንን ይመስላል። ስለዚህ ቀድሞ ቦታውን ይይዛል፣ ግን የአዴኖሲንን ሥራ አይሠራም። ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ላይ ቦርሳ እንደሚቀመጠው ማለት ነው፤ ቦርሳው ተሳፋሪ አይደለም፣ እናንተ ግን መቀመጥ አትችሉም። እናቶች "ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል" የምትሉትም እውነት ነው። ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ የለመደው አካል ሲያጣው መልሰው ይሰፋሉ፣ ራስ ምታቱም ይመጣል። ቡናዋ ግን ካፌይን የሠራችው ለእኛ ብላ አይደለም፣ ቅጠሏንና ፍሬዋን ከሚበሏት ነፍሳት ለመከላከል ነው።

ተማሪዎች፣ ልብ በሉ። አዴኖሲን ውስጥ ያለችው አዴኒን ዘር ከሚጻፍበት ሞለኪውል፣ ከዲኤንኤ፣ አራት ፊደላት አንዷ ናት። ስለ ኃይል፣ ስለ ነርቭና ስለ ዘር የምትማሩባቸው ምዕራፎች መጽሐፉ ላይ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። ሴል ውስጥ ግን አብረው ነው የሚኖሩት።

አሁን አባቶች እርዱኝ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፈንገስ ነው። ገና ያልቀላውን ፍሬ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ያጠቁረዋል። የብዙ ሰው ምርት ጠፋ። ግን በታመመው ማሳ መሃል፣ ጎረቤቷ ጠቁራ እሷ ፍሬዋን ደህና አድርጋ የያዘች ዛፍ ትገኝ ነበር። ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ጫካና ማሳ እየዞሩ ከእነዚያ ዛፎች ዘር ሰበሰቡ፣ ሆን ብለው በሽታውን እያስያዙ ፈተኗቸው። ዛሬ ብዙ ገበሬ 74110፣ 74112 እያለ የሚጠራቸው ቡናዎች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ 74 የምትለው የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን፣ ነው የምታሳየው። ሥራው የተሠራው እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል ነው።

እና ጥያቄዬ፦ ዛፎቹ በሽታውን ለመቋቋም ብለው ተለወጡ? አልተለወጡም። ልዩነቱ በሽታው ሳይመጣ በፊት ዘራቸው ውስጥ ነበር። በሽታው መጣና ማን ምን እንደያዘ አጋለጠ። ዝግመተ ለውጥ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፤ "አስፈለገውና አበቀለ" ብሎ ይጽፋል። ማንም አስፈልጎት አያበቅልም። ያለው ይተርፋል፣ የተረፈው ይወልዳል። እዚህ ሰው ከተፈጥሮ ጋር ሆኖ መረጠ፣ መንገዱ ግን ያው ነው። ጫካ ቡናው ተመንጥሮ አንድ ዓይነት ብቻ ቢተከል ደግሞ ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣ የሚፈለገው ልዩነት ከየት ይመጣል? እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው ነው።

ስለ ዘር አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የእኛ ቡና፣ አረቢካ፣ በየሴሉ 44 ክሮሞሶም፣ ማለትም 44 የዲኤንኤ ጥቅል፣ አለው። ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 ነው ያላቸው። አረቢካ ጥንት ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የወጣ ነው፣ ሁለት 22 ተደምሮ። በአብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት ስለሚራባ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ ለዚህ ነው ከጥሩ እናት ዘር ወስዳችሁ ስታፈሉ ተስፋ የምታደርጉት።

ብዙ አወራሁ። ከመድረኩ በስተቀኝ ጠረጴዛ ላይ ማይክሮስኮፕ አለ፣ ቁልፍ የለበትም። አጠገቡ ሽንኩርት አለ። ከውስጠኛው ቅርፊት ስስ ሽፋኑን ላጥ ታደርጋላችሁ፣ ብርጭቆው ላይ ሳይጨማደድ ትዘረጉታላችሁ፣ አንድ ጠብታ አዮዲን፣ ከዚያ ክዳኑን በቀስታ። እንደ ግንብ የተደረደሩ ክፍሎች ይታያችኋል፣ ሴሎቹ ናቸው፤ በየክፍሉ ውስጥ ቡናማ ነጥብ፤ እሷ ዲኤንኤው የሚቀመጥባት ኒውክለስ ናት። መጀመሪያ እናቶች ይዩ። ያቺ "አለ መሰለኝ" ያለችው ልጅ ታስተካክልላቸዋለች።