17 ለ 0 መርቶ መሸነፍ፦ የ2022/23 የአውሮፓ ክለቦች ራግቢ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ራግቢ እናወራለን። ጨዋታውን አይታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ችግር የለም። የሚያስፈልገንን ደንብ እግረ መንገዳችንን እንይዘዋለን።

(ምስል፦ ደብሊን፣ አቪቫ ስታዲየም። ሰማያዊ ማልያ የለበሱ ደጋፊዎች ወንበሩን ሞልተውታል። ጥግ ጥጉ ላይ ቢጫና ጥቁር ይታያል።)

ቀኑ እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2023 ነው። የአውሮፓ ክለቦች ራግቢ ሻምፒዮንስ ካፕ የፍጻሜ ጨዋታ። የአየርላንዱ ሌንስተር በገዛ ከተማው፣ በገዛ ደጋፊው ፊት ይጫወታል። ተጋጣሚው የፈረንሳዩ ላ ሮሼል ነው። ጨዋታው ከተጀመረ ገና 12 ደቂቃው ነው። ሰሌዳው ግን 17 ለ 0 ይላል። ሌንስተር እየመራ ነው፣ ያውም በሰፊው። በዚያች ሰዓት "በቃ፣ አለቀ" ብሎ ቴሌቪዥኑን የዘጋ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ዋንጫውን ያነሳው ላ ሮሼል ነው። 27 ለ 26።

እንዴት? እኔ እንደማምነው መልሱ ያለው በዚያ ቀን 80 ደቂቃ ውስጥ ብቻ አይደለም። የውድድር ዘመኑን ከመነሻው ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ነጥቡ እንዴት እንደሚቆጠር እንወቅ፤ አለበለዚያ የ27 ለ 26ን ሕመም አንረዳውም።

(ስክሪን ላይ፦ ትራይ 5፣ ኮንቨርዥን 2፣ ፔናልቲ 3)

ኳሱን ይዘህ የተጋጣሚህን የመጨረሻ መስመር አልፈህ መሬት ላይ ካሳረፍከው ትራይ ይባላል። 5 ነጥብ ነው። ትራይ ያስቆጠረ ቡድን ኳሱን በእግር መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል የማሳለፍ ዕድል ይሰጠዋል። ይህ ኮንቨርዥን ነው፤ ከገባ 2 ነጥብ ይጨምራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኮንቨርዥኑ የሚመታው ኳሱ ካረፈበት ቦታ ትይዩ ነው። ትራዩ መሐል ላይ ከሆነ ምቱ ቀላል ነው። ጥግ ላይ ከሆነ ግን አንግሉ ጠባብ ነው፣ ምቱ ያስጨንቃል። ተጋጣሚ ጥፋት ሲሠራ ደግሞ ቅጣቱን ወደ ቋሚዎቹ መምታት ይቻላል። እሱ 3 ነጥብ ያስገኛል። ለዛሬ ይህ ይበቃናል።

ወደ ውድድሩ እንመለስ። የአውሮፓ የክለቦች ራግቢ ዋንጫ የተጀመረው በ1995 ነው። የመጀመሪያውን ፍጻሜ በጃንዋሪ 1996 ካርዲፍ ላይ የፈረንሳዩ ቱሉዝ አሸነፈ። እስከ 2022/23 ድረስ ቱሉዝ አምስት ጊዜ፣ ሌንስተር አራት ጊዜ ዋንጫውን ወስደዋል። ስለዚህ ሌንስተር በዚያ ዓመት የሚሮጠው ለአምስተኛው ነው። ከቱሉዝ ጋር እኩል ለመሆን።

በዚያ ዓመት 24 ክለቦች ተሳትፈዋል። ስምንቱ ከእንግሊዝ፣ ስምንቱ ከፈረንሳይ ናቸው። የቀሩት ስምንቱ የመጡት የአየርላንድ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስ፣ የጣልያንና የደቡብ አፍሪካ ክለቦች በጋራ ከሚጫወቱበት ሊግ ነው።

ደቡብ አፍሪካ? በአውሮፓ ዋንጫ? አዎ። ያ የውድድር ዘመን የኬፕታውኑ ስቶርመርስ፣ የፕሪቶሪያው ቡልስና የደርባኑ ሻርክስ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡበት ነው። ከዚህ ቀደም የደቡብ አፍሪካ ክለቦች ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ክለቦች ጋር ነበር የሚጫወቱት። እዚያ ለመድረስ ግማሽ ዓለም መዞር ነው፤ የሰዓቱ ልዩነት ብቻውን እንቅልፍ ይነሳል። ከእነዚህ የአውሮፓ አገሮች ጋር ግን ልዩነቱ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። በረራው ረጅም ቢሆንም ሰውነት ሌሊቱን ከቀኑ አያምታታም።

ያም ሆኖ ጉዞው ጉዞ ነው። ዲሴምበር ላይ ከአውሮፓ ብርድ ተነስቶ ደርባን ሙቀት ውስጥ መውረድ ቀልድ አይደለም። የጥሎ ማለፉ መርሐ ግብር ደግሞ ይብሳል። የ16ቱ ዙርና ሩብ ፍጻሜው በተከታታይ ሳምንት ነበር የተያዙት። ሻርክስ ደርባን ላይ የአየርላንዱን ማንስተር 50 ለ 35 አሸነፈ፤ በሳምንቱ ቱሉዝ ድረስ ሄዶ 54 ለ 20 ተቀጣ። ስቶርመርስም እንዲሁ። ኬፕታውን ላይ የእንግሊዙን ሃርለኩዊንስ 32 ለ 28 ረታ፣ በሳምንቱ እንግሊዝ ውስጥ ኤክሰተር 42 ለ 17 ሸኘው። ተጋጣሚዎቻቸው ጠንካሮች ነበሩ፣ አልክድም። ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ አህጉር አቋርጦ ጥሎ ማለፍ መጫወት ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሐዘን ነበር። ወስተር በሴፕቴምበር፣ ዋስፕስ በኦክቶበር 2022 ገንዘብ አልቆባቸው ከሊጉ ወጡ። ዋስፕስ በ2004 እና በ2007 የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው። ተጫዋቹም ሠራተኛውም በአንድ ቀን ሥራ ፈት ሆነ። ስለዚያ ዓመት ሲወራ ዋንጫው ብቻ እየተነሳ ይህ መረሳት የለበትም።

(ምስል፦ የአውሮፓ ካርታ። ነጥቡ ከቤልፋስት ወደ ደብሊን ይወርዳል።)

አሁን ስለ ላ ሮሼል። በፈረንሳይ ምዕራብ፣ አትላንቲክ ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። ትልቅ አይደለችም። የክለቡ ስታዲየም ማርሴል ዴፍላንድር ይባላል፤ በጦርነቱ ጊዜ ናዚዎችን ሲታገል ተይዞ በ1944 በተረሸነው የክለቡ ፕሬዚዳንት ስም ነው። ክለቡ ወደ ፈረንሳይ ዋናው ሊግ የተመለሰው በ2014 ነው። በ2021 የአውሮፓ ፍጻሜ ደርሶ በቱሉዝ ተሸነፈ። በ2022 ማርሴይ ላይ እንደገና ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ማን ነበር? ሌንስተር።

ያን የማርሴይ ጨዋታ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሌንስተር ሰባት ፔናልቲ አስገባ። ሰባት በሦስት 21። አንድም ትራይ ግን አላገባም። ላ ሮሼል ሦስት ትራይ አስቆጠረ፤ ሦስተኛዋ የገባችው ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው። 24 ለ 21። ሌንስተር ከዚያ ሽንፈት የተማረው ግልጽ ነበር፦ በፔናልቲ ብቻ ዋንጫ አይወሰድም፣ ትራይ ያስፈልጋል።

ላ ሮሼልን የሚያሠለጥነው ሮናን ኦጋራ ነው። አየርላንዳዊ ነው፣ ያደገውም ኮርክ። ተጫዋች ሳለ የማንስተር ቁጥር 10፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች ነበር፤ በ2006 እና በ2008 ይህንኑ ዋንጫ አንስቷል። ማንስተርና ሌንስተር ደግሞ ለዘመናት የሚፎካከሩ ናቸው። እንግዲህ አስቡት። ሌንስተርን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው የፈረንሳዩን ቡድን ይዞ ደብሊን የሚመጣው።

ለነገሩ ላ ሮሼል ያን ዓመት አቪቫ ስታዲየምን ሲረግጥ ሜይ የመጀመሪያው አልነበረም። በዲሴምበር ከቤልፋስቱ ክለብ ከአልስተር ጋር ቤልፋስት ላይ ጨዋታ ነበረው። ሜዳው በብርድ ደርቆ በረዶ ሆነ። ጨዋታው በመጨረሻ ሰዓት ወደ ደብሊን ተዛወረ፣ ያውም ያለ ተመልካች። ከ50,000 በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ውስጥ የተጫዋቾቹ ጩኸት ብቻ እየተሰማ ላ ሮሼል 36 ለ 29 አሸነፈ።

የሁለቱ ቡድኖች መንገድ ግን አይገናኝም። ሌንስተር ያን ዓመት ያገኘውን ሁሉ እያንበረከከ ነው የመጣው። የእንግሊዙን ግሎስተር ደብሊን ላይ 57 ለ 0 ሸኘው። በጥሎ ማለፉ አልስተርን፣ ሌስተር ታይገርስን፣ በግማሽ ፍጻሜ ደግሞ ቱሉዝን 41 ለ 22 አሸነፈ። ሦስቱም ጨዋታ አቪቫ ላይ ነበር። በጥሎ ማለፉ ከከተማው ሳይወጣ ፍጻሜ ደረሰ ማለት ነው።

ላ ሮሼልስ? በ16ቱ ዙር ያው ግሎስተር ደረሰው። እውነቱን ለመናገር ግሎስተር ደብሊን ሲሄድ ብዙ ቋሚዎቹን አሳርፎ ነበር፤ ላ ሮሼል ላይ ግን ያለውን ሁሉ ይዞ ቀረበ። ውጤቱ 29 ለ 26። በሦስት ነጥብ ብቻ! ሻምፒዮኑ በገዛ ሜዳው ሊሰናበት ለጥቂት ተረፈ። ያን ቀን ያለፈው ጭንቀት በኋላ እንደጠቀመው አምናለሁ። በጠባብ ልዩነት ማሸነፍን ተለማምዶ ነው ደብሊን የደረሰው። ከዚያ ሳራሰንስን 24 ለ 10፣ ኤክሰተርን 47 ለ 28 ረትቶ ፍጻሜ ገባ።

(ምስል፦ እንደገና አቪቫ። ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል።)

አሁን ወደ ፍጻሜው። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የሌንስተሩ ዳን ሺሃን ትራይ አስቆጠረ። ቀጥሎ ጂሚ ኦብራየን። ቀጥሎ ራሱ ሺሃን። የማርሴይን ትምህርት በ12 ደቂቃ ውስጥ በተግባር አሳዩት።

ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሦስት ትራይ 15 ነጥብ ነው። ሦስቱም ኮንቨርዥን ቢገቡ 21 ይሆናል። ሰሌዳው ያለው ግን 17 ነው። አንዱ ብቻ ነው የገባው፣ ሁለቱ ስተዋል። በዚያች ሰዓት ማንም ልብ አላለውም፤ ስታዲየሙ እየጨፈረ ነው። በመጨረሻ ልዩነቱ አንድ ነጥብ ሆነ። ከሁለቱ አንዷ ብትገባ ኖሮ 28 ለ 27 ይሆን ነበር። የሌንስተሩ መቺ ሮስ በርን በዚያ ጨዋታ ሦስት ፔናልቲ አስገብቷል፤ ዕዳውን እሱ ላይ ብቻ መጣል ግን ትክክል አይደለም። አንጋፋው ጆኒ ሴክስተን ደግሞ በብሽሽት ጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም።

ላ ሮሼል አልደነገጠም። ይህን ስል ዝም ብሎ ለማድነቅ አይደለም። 17 ለ 0 እየተመራ ያለ ቡድን ብዙ ጊዜ ኳሱን ከሩቅ እየወረወረ ቶሎ ለማካካስ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ይባስ ይቀጣል። እነሱ ግን ወደሚያውቁት ሥራ ተመለሱ። ዊል ስኬልተን ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ነው። ኡይኒ አቶኒዮ ከስክረሙ ፊት፣ ማለትም የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተቃቅፈው ከሚገፋፉበት ሰልፍ ፊት የሚሰለፍ ግዙፍ ሰው ነው። አምበሉ ግሬጎሪ አልድሪት ኳስ ይዞ መጋፋት አይሰለቸውም። እነዚህ ሰዎች በእያንዳንዱ ግጭት የሌንስተርን ጉልበት ትንሽ ትንሽ ይወስዳሉ። በ15ኛው ደቂቃ አይታወቅም። በ65ኛው ግን ይታያል።

ጆናታን ዳንቲ አንድ ትራይ፣ ሴውቴኒ አንድ ትራይ። ዕረፍት ላይ 23 ለ 14፣ ሌንስተር አሁንም ይመራል። ከዕረፍት በኋላ ግን ሌንስተር ያገኘው 3 ነጥብ ብቻ ነው። አንትዋን አስቶይ ፔናልቲዎቹን ሲያስገባ ልዩነቱ ወደ 6 ጠበበ። 26 ለ 20።

72ኛው ደቂቃ። ይህችን ደቂቃ ቀስ ብለን እንያት። ላ ሮሼሎች ከሌንስተር መስመር ጥቂት እርምጃ ላይ ናቸው። ኳስ የያዘው አጎንብሶ ይገባል፣ ከኋላው ሁለት ሰው ይገፋዋል፣ ጭቃ የያዘው አይሱዙ እንደሚገፋ። ይወድቃል። ኳሱ መሬት ላይ ይቀመጣል። ሌላው ያነሳል፣ እሱም አጎንብሶ ይገባል። እንደገና ይወድቃል። የተገኘው መሬት በስንዝር ነው የሚለካው። ሰማያዊ ለባሾቹ መስመራቸው ላይ ተደርድረው እየተነሱ እየወደቁ ይከላከላሉ። በመጨረሻ ተቀይሮ የገባው ዦርዥ ሄንሪ ኮሎምብ ኳሱን ይዞ ተምዘገዘገ፤ መስመሩ ላይ አሳረፈው። ትራይ። 26 ለ 25። አስቶይ ኮንቨርዥኑን መታ፣ ገባ። 27 ለ 26።

በዚያ ቀን ላ ሮሼል የመራው ይህን ጊዜ ብቻ ነው። የሚበቃውም ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አንጀት ይበላል። ሌንስተር ፔናልቲ ቢያገኝ እንኳ ያሸንፋል። የመጨረሻው ደቂቃ ሲቃረብ ግን ማይክል አላአላቶዋ ኮሎምብን ጭንቅላቱ አካባቢ መታው ተብሎ ቀይ ካርድ አየ። ኳሱም ዕድሉም ሄደ።

ብዙ ሰው "ሌንስተር ጫናውን አይችልም" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጫና የማይችል ቡድን ፍጻሜ ላይ በ12 ደቂቃ ሦስት ትራይ አያስቆጥርም። ያሸነፋቸው ክብደትና ትዕግሥት ነው። ራግቢ ውስጥ የሚቀየሩት ስምንት ተጫዋቾች ናቸው። ከተጠባባቂ ወንበር የሚነሳው ትኩስ ጉልበት የመጨረሻዎቹን 20 ደቂቃዎች ሌላ ጨዋታ ያደርጋቸዋል። የአሸናፊነቱን ትራይ ያስቆጠረው ኮሎምብ ራሱ ከወንበር የተነሳ ሰው መሆኑን አትርሱ። ቀድሞ የመራ ቡድን ያን ጉልበት የሚቋቋም ከሌለው የሰበሰበውን ነጥብ እየቆረሰ ይሰጣል።

በቀጣዩ ዓመት፣ ኤፕሪል 2024 ላይ፣ ሁለቱ ደብሊን ላይ በሩብ ፍጻሜ ተገናኙ። ላ ሮሼል ከሳምንት በፊት ኬፕታውን ላይ ስቶርመርስን 22 ለ 21 አሸንፎ ነበር የመጣው። እንደገና በአንድ ነጥብ፣ እንደገና አህጉር አቋርጦ። በዚህ ጊዜ ሌንስተር 40 ለ 13 አሸነፈ። ፍጻሜም ደረሰ። ለንደን ላይ በጭማሪ ሰዓት በቱሉዝ 31 ለ 22 ተሸነፈ። በሦስት ዓመት ሦስተኛው የፍጻሜ ሽንፈት።