አገዳውን በሬው ይብላው ወይስ መሬቱ? (የፖድካስት ውይይት)

ሀ፦ ዛሬ ዝናብ አጠር ወደሆነው መካከለኛው ስምጥ ሸለቆ እንውረድ። ከመልካሳ እስከ ዝዋይ ያለውን የበቆሎ መሬት ይዘን ስለ ዕቀባ እርሻ እንጫወታለን። እስቲ ሦስቱን መርሆች በአንድ ትንፋሽ በያቸው።

ለ፦ አፈሩን በተቻለ መጠን አለመነካካት፣ ቢያንስ 30 በመቶውን መሬት በተረፈ ምርት ሸፍኖ ማቆየት፣ ሰብል ማፈራረቅ ወይም ማሰባጠር። ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያዋን ብቻ ይሰማና “ሳያርሱ መዝራት” ብሎ ይሄዳል።

ሀ፦ ሽፋኑ ከሌለስ?

ለ፦ ከታረሰው ይብሳል። የዚያ አገር አፈር ፊቱ ቶሎ ይደፈናል፤ ዝናብ ከመታው በኋላ ሲደርቅ ቅርፊት ያወጣል። ማረሻ ሌላው ቢቀር ያንን ቅርፊት ይሰብረዋል። ሳታርሰውም ሳትሸፍነውም ከተውከው ውሃው ሳይሰርግ ይነጉዳል፤ ቡቃያውም ቅርፊቱን ሰብሮ ለመውጣት ይቸገራል።

ሀ፦ እሺ፣ ገበሬው ሦስት አራቴ የሚያርሰው ግን ወዶ ነው?

ለ፦ ማረሻው ነው የሚያስገድደው። አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል። ስለዚህ ገመሳው፣ ማለትም የመጀመሪያው እርሻ፣ በአንድ አቅጣጫ ከሄደ ቀጣዩ ያንን አቋርጦ መሄድ አለበት። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ቁልቁል ወረደ ማለት ነው፤ ለጎርፍ ቦይ ቀደድክለት። በዚያ ላይ በየዓመቱ እዚያው ጥልቀት ላይ ሲመላለስ ከሥሩ ያለው አፈር ይጠጥርና ሥር አያሳልፍም።

ሀ፦ በሬ የሌለውንም አንርሳው። መቀናጆ፣ ማለትም ከሌላው ጋር በሬ አጣምሮ ማረስ፣ ሲጠብቅ፣ ተራው እስኪደርሰው የመጀመሪያው ዝናብ ያልፈዋል። ደረቅ አካባቢ ላይ አንድ ሳምንት ዘግይቶ መዝራት ቀላል ነገር አይደለም። ለእኔ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው። አሠራሩን ንገሪን።

ለ፦ በሬ ያለው በ75 ሴንቲሜትር ርቀት የዘር መስመሩን ብቻ ይቀድዳል። በዚያው መስመር ሁለቴ ይመለስበታል፤ ሁለተኛው ዙር ጠጣሩን ለመስበር ነው። መሃሉ አይነካም። በሬ የሌለው በዶማ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በየ50 ሴንቲሜትሩ አንድ ጉድጓድ፣ በጉድጓድ ሁለት ተክል። በሄክታር ወደ 26,600 ጉድጓድ ይመጣል። 100 ኪሎ ማዳበሪያ ስታካፍለው ለአንዱ ከ4 ግራም ትንሽ ያነሰ ይደርሰዋል፤ የለስላሳ ቆርኪ ከአፉ ጎደል ያለ ማለት ነው። ዘሩና ማዳበሪያው እንዳይነካኩ መሃላቸው አራት ጣት አፈር ይግባ፤ ከተነካኩ ዘሩ ይቃጠላል።

ሀ፦ አሁን ወደ ራስ ምታቱ። አገዳው።

ለ፦ ሒሳቡን እንሥራው። መሬቱን በደንብ ለመሸፈን በሄክታር 30 ኩንታል ገደማ ደረቅ አገዳ ያስፈልጋል። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ስለዚህ መሬት ላይ ተወው የምትለው አንድ በሬ ከዓመት በላይ የሚቀለበውን ነው!

ሀ፦ እና ገበሬው እንቢ ሲል “ግንዛቤ ይጎድለዋል” ይባላል።

ለ፦ እኔ በዚህ አልስማማም፤ ገበሬው ሒሳቡን ከባለሙያው ቀድሞ ሠርቶታል። እሱ ቢፈቅድ እንኳ ምርት እንደተነሳ የመንደሩ ከብት ይለቀቃል። የአንድ ሰው ማሳ ብቻውን ከልቅ ግጦሽ አይተርፍም፤ ወይ በግራር እሾህ ይታጠራል፣ ወይ መንደሩ በጋራ ሕግ ያወጣል።

ሀ፦ መካከለኛ መንገድ የለም?

ለ፦ አለ። ላይኛውና ቅጠሉ ለከብት፣ ወፍራሙ የታችኛው አገዳ እስከ ጉልበት ድረስ ቆሞ ይቅር። ከብትም ያን ያህል አይወደውም። በመስመሮቹ መሃል ቦሎቄ ይዘራል፤ መሬቱን ያለብሳል፣ ገበያም አለው። ለሽልሻሎ፣ ማለትም በበቀለው በቆሎ መሃል ለማረስ፣ በሬ ማስገባት ግን ቀረ ማለት ነው፤ አረሙ በእጅ ነው።

ሀ፦ ስለ አረም ካነሳሽ፣ ብዙ ሰው ዕቀባ እርሻውን ጀምሮ ይተወዋል።

ለ፦ በአረም ተሸንፎ። ማረሻ ዋናው አረም ገዳይ ነበር። ግላይፎሴት የተባለውን አረም ማጥፊያ የሚረጭ ሰው ስህተቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የደፈረሰ የኩሬ ውሃ ይጠቀማል፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። ሁለተኛ፣ ድርቅ ያጠወለገውንና አቧራ የለበሰውን አረም ይረጫል። ዝናብ ጥሎ አረሙ እስኪያቆጠቁጥ መጠበቅ ነው ያለበት። ሦስተኛ፣ በቆሎው ከበቀለ በኋላ ይረጭና በቆሎውንም ይገድላል።

ሀ፦ አገዳ በተተወበት ማሳ ላይ የበቆሎው መገርጣትስ?

ለ፦ አገዳውን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ስለሚሻሙት ነው። ዩሪያው በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ይጨመርና አፈር ይልበስ።

ሀ፦ ጤፍስ? ይሄን ሳንነካ ብንወጣ አድማጭ ይቆጣናል።

ለ፦ ጤፍ ከባድ ነው። ዘሩ ደቃቅ፣ የሚፈልገው የለሰለሰ መሬት፣ አረም አይችልም። ትግራይ ውስጥ በዋልካ (ጥቁር ሸክላማ) መሬት ላይ “ደርደሮ” የሚባለውን ነባር መደብ አሻሽለው፣ መደቡን ሳያፈርሱ በየዓመቱ ቦዩን ብቻ እየጠረጉ የሞከሩት አለ። ጎርፉና የአፈር መከላቱ ቀንሷል፣ ጤፉ ላይ ግን አረም አስቸግሯል። ጀማሪ በጤፍ አይጀምር።

ሀ፦ በምን ያህል ይጀምር?

ለ፦ በአንድ ጥማድ። ሩብ ሄክታር ነው ብለን ብንይዝ የሚፈልገው 7 ኩንታል ተኩል አገዳ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት የምርት ለውጥ ላያይ ይችላል፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ዝናብ በተቋረጠበት ዓመት ነው። ከብት ለመጠበቅ እንዲመች ማሳው ከቤት አጠገብ ይሁን።

ሀ፦ ከቤት አጠገብማ ዶሮው አለ! ለምስጥ ብሎ ያንን ሁሉ ሽፋን ሲጭረው ይውላል።

ለ፦ ዶሮውንማ እስኪበቅል ድረስ ልጆች ይጠብቁት፤ ዘሩም አምስት ሴንቲሜትር ጠልቆ ይዘራ።