«ቁስለኞቻችሁን ከጫንኩ በኋላ»፦ ስለ ሻለቃ ቻርልስ ኬሊ የተደረገ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ወላጆች፣ በበረራና በድንገተኛ ሕክምና ትምህርት ላይ ያላችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

የጦር ሄሊኮፕተር አብራሪ ሲነሳ ቶሎ ብለን ጀግንነቱ ላይ እንደርስና ሥራውን እንዘለዋለን። ዛሬ ሥራውን ልናሳያችሁ እንሞክራለን። የመረጥነው ሰው አሜሪካዊው ሻለቃ ቻርልስ ኬሊ ነው፤ ጁላይ 1 ቀን 1964 በደቡብ ቬትናም ሜኮንግ ደልታ፣ ቪን ሎንግ አጠገብ ቁስለኛ ሊያነሳ ወርዶ የሞተው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ኬሊን «ደፋር ነበር» ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። ደፋርስ ነበር፤ ግን ድፍረቱ ብቻ ቢሆን አብሮት ይቀበር ነበር። እኛን የሚገርመን ትቶት የሄደው አሠራር ነው።

ኬሊ የጆርጂያ ሰው ነው። አብራሪ ከመሆኑ በፊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግረኛ ወታደር ነበር፤ ስለዚህ መሬት ላይ ደሙ እየፈሰሰ ሄሊኮፕተር የሚጠብቀው ሰው ምን እንደሚያስብ የሚነግረው አላስፈለገውም። በጥር 1964 የ57ኛውን የሕክምና ሄሊኮፕተር ክፍል አዛዥነት ተረከበ። ክፍሉ ቬትናም የገባው በሚያዝያ 1962 ነው፤ ያለው 5 ሄሊኮፕተር ብቻ፣ የሬዲዮ መጠሪያው «ደስት ኦፍ» ነበር። ኬሊ ከአምስቱ ሁለቱን ይዞ ወደ ደልታው ወደ ሶክ ትራንግ ወረደ።

አሁን መኪናዋን እንያት። ዩኤች-1ቢ፣ በተለምዶ ሂዩይ የምትባለው፣ ሁለት ክንፍ ያለው 13.4 ሜትር ስፋት ያለው ሮተር አላት። ውስጧ አራት ሰው አለ፦ አብራሪ፣ ረዳት አብራሪ፣ ቴክኒሻንና የሕክምና ባለሙያ። ሦስት ቃሬዛ ትይዛለች። የአብራሪው ግራ እጅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ኮሌክቲቭ ይዟል፤ ጫፉ ላይ እንደ ሞተር ብስክሌት የሚጠመዘዝ የነዳጅ መቆጣጠሪያ አለ። ቀኝ እጁ ሳይክሊኩን ይዟል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን የሚያዘነብላት እሱ ነው። ሁለት እግሩ በፔዳል የጭራውን ሮተር ያዛል። አንዱን ሲነኩ ሌሎቹን ማስተካከል ግድ ነው። ትንሿን አውሮፕላን እጅ ቢለቋት ለጥቂት ጊዜ ራሷን ችላ ትሄዳለች፤ ሂዩይ ግን አየር ላይ ቆማ እያለ እጅ ከለቀቋት ወዲያው ትንጋደዳለች። ይህን ነጥብ ያዙልን።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል፤ በሳሳ አየር ሮተሩም ሞተሩም ይደክማሉ። በባሕር ጠለል ላይ ባለው ደልታ እንኳ 30 ዲግሪ ሲሆን ሄሊኮፕተሯ 550 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ያህል ነው የሚሰማት። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,350 ሜትር፣ 25 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለች ያህል ይሆንባታል። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያና አሜሪካ የካርታ ሥራ ሚሲዮን በደጋችን የበረሩት ሂዩይዎች ይህን በደንብ ቀምሰውታል። ታዲያ አብራሪው ከሚችለው በላይ ጭኖ ኮሌክቲቩን ቢጎትት ምን ይሆናል? የሮተሩ ዙር ይወርዳል። የጭራው ሮተርም አብሮ ስለሚደክም አፍንጫዋ ወደ ቀኝ መዞር ይጀምራል። ደመ ነፍስ «ጨምረህ ጎትት» ይላል፤ ጨምሮ የጎተተ ይወድቃል። መፍትሔው ኮሌክቲቩን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ዙሩን ማስመለስ፣ ከዚያ መሬቱን እየታከኩ ወደ ፊት መንደርደር ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሮተሩ ንጹሕ አየር ያገኝና ራሱ ያነሳታል። ይህን የሚያደርገው ግን ፊት ለፊቱ ዛፍ ከሌለ ነው፤ ከኋላው የሚተኩሱበት ሰዎች መኖራቸውን ደግሞ አትርሱ።

ቁስለኛ ማንሳት እንዲህ ይሠራል። መሬት ላይ ያለው ክፍል የጭስ ምልክት ይወረውራል፤ ቀለሙን ግን አይናገርም። የሚናገረው አብራሪው ነው፦ «ቢጫ አየሁ»፤ መሬት ላይ ያለው «ልክ ነው» ይላል። ቀለሙን መጀመሪያ ክፍሉ ቢናገር፣ ሬዲዮውን የሚያዳምጠው ጠላት ተመሳሳይ ጭስ ወርውሮ ወደ ራሱ ይጠራዋል። ጭሱ ነፋሱንም ያሳያል። አወራረዱ ቀጥ ያለና ቀርፋፋ መሆን የለበትም፤ በደቂቃ ከ90 ሜትር በላይ፣ ወደ ፊት ብዙም ሳይሄድ፣ ሞተሩን ጭኖ የሚወርድ አብራሪ ራሱ በፈጠረው አዙሪት ውስጥ ይገባል። እዚያም ኮሌክቲቭ መጎተት ያባብሰዋል፤ አፍንጫ ወደ ፊት ጥሎ መውጣት ነው ያለው። ደልታው የሩዝ ማሳ ስለሆነ ሙሉ ክብደትን ማሳረፍም አይቻልም፤ አንዱ እግሯ ጭቃ ውስጥ ተይዞ ለመነሳት ቢሞከር በተያዘው እግር ላይ ተንጋዳ ትገለበጣለች። ስለዚህ አብራሪው ግማሽ ክብደቷን አየር ላይ እንደያዘ፣ ሁለቱ ከኋላ ዘለው እስኪጭኑ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሳይነቃነቅ ይቆያል። ሊተኩስ አይችልም፤ ሊጎነበስ አይችልም። እጁም እግሩም ሥራ ላይ ነው።

ኬሊ ይህን በሌሊት ሠራው። ሲመሽ ከሶክ ትራንግ ተነስቶ ባክ ሊውን፣ ካ ማውን፣ ራክ ዣን፣ ቪን ሎንግን እየነካ በአንድ ሌሊት እስከ 720 ኪሎ ሜትር ይዞር ነበር፤ «የሚነሳ ቁስለኛ አላችሁ?» እያለ በሬዲዮ ይጠይቃል። ማረፊያውን የሚያሳየው የእጅ ባትሪ ወይም እሳት ነው። ይህ ሁሉ ለምን? እዚህ ላይ በቬትናም የአሜሪካ ጦር ድጋፍ ዕዝ አዛዥ የነበረው ብርጋዴር ጄኔራል ጆሴፍ ስቲልዌል ጁኒየር ይገባል። ስቲልዌል ሄሊኮፕተር ስለሚያንሰው በሕክምና ሄሊኮፕተሯ ላይ ያለው ቀይ መስቀል ተነቃይ ይሁን፣ ቁስለኛ በሌለ ጊዜ ወታደርና ጭነት ትያዝ የሚል ሐሳብ ነበረው። ሲሰሙት ምክንያታዊ ነው፤ የቢሮ ሰው ሁሉ የሚስማማበት ዓይነት። ችግሩ ቁስለኛው ቀጠሮ የማይዝ መሆኑ ነው፦ ጥሪው ሲመጣ መኪናዋ ጥይት ጭና ሌላ ቦታ ትሆናለች። ኬሊ በሪፖርት ብቻ አልተከራከረም፤ ሄሊኮፕተሮቹ ሥራ ፈትተው የሚውሉበት ሰዓት እንዳይኖር አደረገ። ቁስለኛ እያለ ሌላ ሥራ የለም፤ ቁስለኛ ከሌለ ፍለጋ ይሄዳል።

ጁላይ 1 ቀን የተጠራበት ቦታ ሲደርስ ተኩሱ በረታ። መሬት ያሉት በሬዲዮ ውጣ አሉት። የመለሰው በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ቁስለኞቻችሁን ከጫንኩ በኋላ» ማለት ነው። አንዲት ጥይት በተከፈተው በር ገብታ ልቡን መታችው። ቅድም ያዙልን ያልነው ነጥብ እዚህ ይመጣል፦ የተመታ ሰው ሰውነቱ ይኮማተራል፣ እጁም የያዘውን ይዞ ይኮማተራል። ሄሊኮፕተሯ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ወደ ቀኝ ተንከባላ ወደቀች። በዚያ ከፍታ ረዳት አብራሪው ያለው ጊዜ ከአንድ ሁለት ሴኮንድ አይበልጥም። ሌሎቹ ከነጉዳታቸው ተረፉ። ኬሊ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበር፤ ነፍሱን ይማር።

ተማሪዎች፣ ማረፊያ ላይ ረዳት አብራሪው መሪዎቹን ሳይጫን እጁንና እግሩን ለምን እንደሚያስጠጋ አሁን ገብቷችኋል። «እኔ ይዣለሁ»፣ «አንተ ይዘሃል» መባባሉም የወግ ነገር አይደለም።

ቀይ መስቀሉን ተነቃይ የማድረጉ ሐሳብ ቀረ። በቀጣዮቹ ዓመታት ተጨማሪ የሕክምና ሄሊኮፕተር ክፍሎች ወደ ቬትናም ገቡ፤ መጠሪያቸውም ደስት ኦፍ ሆነ። ኬሊ ያሰለጠነው ፓትሪክ ብሬዲ ትምህርቱን አንድ እርምጃ ወሰደው። በጉም በተሸፈነ ሸለቆ ማንም መግባት አልቻለም፤ ፊት ለፊቱ ባለው መስታወት የሚታይ ነገር የለም። ብሬዲ ሄሊኮፕተሯን በጎን አዙሮ፣ በተከፈተው የጎን መስኮት በኩል የሮተሩን ጫፍና የዛፎቹን አናት ብቻ እያየ፣ ሮተሩ ጉሙን እየገፋለት በጎን ገባ። በጎን ለሚሄድ ሄሊኮፕተር ጭራው ከነፋስ ጋር ይታገላል፤ ፔዳሉ ላይ ያለው እግር ለአፍታ አያርፍም። ጃንዋሪ 6 ቀን 1968 በአንድ ቀን፣ ሦስት ሄሊኮፕተር እየቀያየረ፣ 51 ቁስለኞች አወጣ፤ ሄሊኮፕተሮቹ ላይ ከ400 በላይ ቀዳዳ ተቆጠረ። ለዚህም የአገሩን ከፍተኛ የጦር ሜዳ ሜዳልያ ተቀበለ። ለኬሊ ሜዳልያ የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው፤ እሱም ሁለተኛው ደረጃ።

ከሻይ በኋላ የክብደት ስሌት እንሠራለን። የምናሰላው ለአዲስ አበባ ነው፤ 2,350 ሜትር፣ 25 ዲግሪ፣ ነፋስ የለም። 75 ኪሎ የሚመዝን አንድ ቁስለኛ ወደ 100 ሊትር ነዳጅ ያህል ይከብዳል፤ ለሂዩይ ይህ የሃያ ደቂቃ በረራ ገደማ ነው። መሬት ላይ አራት ቁስለኛ አለ፣ ስሌቱ የሚፈቅደው ለሦስት ነው። ነዳጅ ቀንሳችሁ ትመጣላችሁ ወይስ ሁለት ጊዜ ትመላለሳላችሁ? መልሱን ከነምክንያቱ ጻፉና ይዛችሁ ግቡ። እናመሰግናለን።