ፋብሪካውንም ሴፍቲኔት እናስገባው

[ምስል፦ ቦሌ አራብሳ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ጭጋግ። ከኋላ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች።]

ሰላም ናችሁ። የቆምኩት ቦሌ አራብሳ ነው፣ አስፋልቱ ዳር። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ብርዱ ነው፣ እዚህ ጠዋት ላይ ቀልድ የለም።

በግራ በኩል እዩልኝ። መጥረጊያ የያዙ፣ ሰደርያ የለበሱ እናቶች። የሴፍቲኔት ናቸው፤ መንግሥት ለድሃ ቤተሰብ ሥራ እየሰጠ የሚከፍልበት ፕሮግራም ነው። በቀኝ ደግሞ ሰርቪስ እየመጣ ነው። ውስጡ ያሉት ልጆች ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚሄዱት።

ከነዚህ ውስጥ የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኘው ማነው? ይህን ሰፈር ውስጥ ጠይቄያለሁ። ሁሉም እጁን ወደ መጥረጊያዎቹ ይዘረጋል። ሰርቪሱን የጠቆመ አንድም ሰው አላገኘሁም። ግን ሰርቪሱን የላከው ፋብሪካም ያገኛል። ያውም ደህና አድርጎ።

[ምስል፦ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን፤ "ድጎማ"፣ "ማበረታቻ"።]

ለእናቶቹ ሲሰጥ ድጎማ ይባላል፣ ሲብስ እርዳታ። ለፋብሪካው ሲሰጥ ማበረታቻ ይሆናል። ካዝናው ግን አንድ ነው። የእናቶቹ ተቆጥሮ ይወጣል። የፋብሪካው መግባት ሲገባው ሳይገባ ይቀራል፣ ስለዚህ አይታይም። ያልተሰበሰበ ብር ወረፋ አይቆም፣ ሰደርያ አይለብስ።

እስቲ መጀመሪያ የእናቶቹን እንይ፤ አገሪቱ ውስጥ በደንብ ከታሰበባቸው ነገሮች አንዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የከተማው ሴፍቲኔት ሥራ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች። ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን። ዕቅዱ 604 ሺህ ሰው ጋ መድረስ ነበር።

መግባት ታዲያ ቀላል አይደለም። የሰፈር ኮሚቴ ይመጣና ቤትህን ያያል። ስንት ልጅ አለህ፣ ጣሪያህ ምንድን ነው፣ ቤት ውስጥ ምን ዕቃ አለ ይልሃል። ስምህ ሰፈርተኛ ፊት ይወጣል፣ "እሱማ አለው" የሚል ካለ ይናገራል። መሥራት የሚችል ይሠራል። ሲጀመር የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 60 ቀን ሥራ፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20፣ እያለ ቀስ በቀስ ከእጅህ ይወጣል። ከክፍያው 20 በመቶው በግድ ይቆጠባል። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ 500 ዶላር ገደማ በብር መቋቋሚያ ይሰጥህና ትመረቃለህ። ቃሉ ራሱ "መመረቅ" ነው። አቅመ ደካማ፣ አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ከሆንክ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ አለ፣ ሲጀመር በነፍስ ወከፍ በወር 170 ብር ነበር።

ስም በይፋ፣ ቅሬታ በይፋ፣ ሥራ፣ ቁጠባ፣ መውጫ ቀን። መንግሥት ለደሃ ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚጠነቀቀው።

[ምስል፦ የፓርኩ አጥር ከውጭ።]

አሁን ወደ አጥሩ እንምጣ። አገራችን ውስጥ አንድ ድርጅት ካተረፈው ላይ 30 በመቶ ይከፍላል፤ በሕጉ። ማበረታቻ የተፈቀደለት ግን ለተወሰኑ ዓመታት ምንም አይከፍልም፣ የግብር እፎይታ የሚሉት እሱን ነው። ዓመቱ እንደ ዘርፉና እንደ ቦታው ይለያያል። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በወጡት ደንቦች ፓርክ የሚያለማ ድርጅት አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከሆነ 10 ዓመት፣ ራቅ ካለ 15 ዓመት ተፈቅዶለት ነበር። ማሽኑን ከቀረጥ ነጻ ማስገባቱ ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሰርቪሱ ውስጥ ያለችው ልጅ እፎይታ የላትም። ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. ከደሞዝ ግብር ነጻ የነበረው የወር ገቢ 600 ብር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ 600! በሐምሌ 2017 ነው ወደ 2,000 ብር ያደገው። ማለት አንዲት ልጅ ከገጠር መጥታ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ከመጀመሪያ ደሞዟ ጀምሮ ሲቆረጥባት፣ ያቺው ልጅ የሰፋችውን ሸሚዝ ሸጦ የሚያተርፈው ድርጅት ደግሞ እፎይ ብሎ ይከርማል። በዚያ ላይ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የለንም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር፤ ወለሉ እስካሁን የለም።

እሺ፣ "ፋብሪካው ባይመጣ ልጅቷ ምን ትበላ ነበር?" ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። እኔ ፋብሪካ ጠል አይደለሁም፣ ጎረቤቶቼ እንጀራቸው እዚያ ነው። ችግሬ የአሰጣጡ ነገር ላይ ነው። አስቡት፣ 10 ሚሊዮን ብር ያተረፈ ድርጅት በእፎይታው 3 ሚሊዮን ይቀርለታል። ያላተረፈ ዜሮ። ስለዚህ ብዙ የምናግዘው ባናግዘውም የሚያተርፈውን ነው። በመብራት መቆራረጥ የከሰረው፣ ሠራተኛ ሳይበትን እንደ ምንም ቆሞ ያለው፣ ከእፎይታው ምንም አያገኝም። ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ድርጅቱን ዘግቶ በሌላ ስም እንደ አዲስ መምጣት ለሚያስብ ሰው በር ይከፍታል። ሌላም አለ፤ አሁን ብዙ አገሮች በትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ላይ 15 በመቶ ዝቅተኛ ግብር ጀምረዋል፣ ስለዚህ እኛ የተውንለትን የእናት ኩባንያው አገር ሊሰበስበው ይችላል። ለማን እንደደጎምን እንኳ ሳናውቅ እንቀራለን ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ የመንግሥት የራሱ ድርጅቶች አሉ። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ለንግድ ባንክ የ900 ቢሊዮን ብር ቦንድ፣ ማለትም መንግሥት በኋላ እከፍላለሁ ብሎ የሚሰጠው የዕዳ ሰነድ፣ አጸደቀ። አብዛኛው የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ተበድረው ያልመለሱት ዕዳ ነው፤ አሁን የሁላችንም ሆነ። የማን ቤት ተጎበኘ? የማን ጣሪያ ታየ?

[ምስል፦ ጠባብ ግቢ፣ የተሰጣ ልብስ። ፊት አይታይም።]

አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ እትዬ ብዬ ነው የምጠራት። ሦስት ዓመት ጠርጋ ተመርቃለች። ይህን ቪዲዮ ላዘጋጅ ስል ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት፣ እፎይታውን፣ ቀረጡን፣ ቦንዱን። ቡናዋን እየቀዳች ዝም ብላ ሰማችኝና "ቆይ ልጄ፣ እነሱስ የሚመረቁት መቼ ነው?" አለች።

የእኔ ሐሳብ ከዚህ ጥያቄ ነው የመጣው። የሴፍቲኔቱን ሕግ ወስደን ፋብሪካው ላይ እናውለው። የተጠቃሚ ድርጅቶች ዝርዝር ይለጠፍ፤ ስሙ፣ ዘንድሮ ስንት ብር እንደተተወለት፣ ስንት ሰው እንደቀጠረ። የእትዬ ስም ሰፈር ውስጥ ከተነበበ የእሱም ይነበብ። የገንዘብ ሚኒስቴር በየዓመቱ ከበጀቱ ጋር አያይዞ ለፓርላማ ቢያቀርበው አዲስ መሥሪያ ቤት እንኳ አያስፈልግም። የትርፍ እፎይታው ደግሞ ቢቀርና ድጋፉ ከሚታይ ነገር ጋር ቢያያዝ፣ ለገዛው ማሽን፣ ላሠለጠነው ሠራተኛ፣ ለሠራተኞቹ ለሠራው መኖሪያ፣ ያወጣውን ያህል ከግብሩ ይቀነስለት። ያላተረፈውም ቢሆን ቅናሹን ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግር። እና እንደ 60፣ 40፣ 20ው ቀን በየዓመቱ ይቀንስ። ግብሩ አንድ ቀን 0፣ በሚቀጥለው 30 በመቶ ሲሆንበት ነው ድርጅቱ ሻንጣውን የሚያዘጋጀው።

የእናቶቹም ቢሆን ጉድ አለው። 60 ብር በ2009 ዓ.ም. ከ2 ዶላር ተኩል በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ክፍያው የሚስተካከለው ግን ባለሥልጣን ሲያስታውስ ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የዋጋ ንረት ያወጣል አይደል? ከዚያ ቁጥር ጋር ይታሰር፣ በዓመት አንዴ በራሱ ይስተካከል፣ ማንም ሳይለመን። በግድ የተቆጠበችው 20 በመቶም እንዲሁ፤ ደሃ ባስቀመጠው ላይ የሚከስርበት ቁጠባ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ሌላው የመታወቂያ ጣጣ። እዚህ ዳር ዳሩን የሚኖረው ሰው ተከራይ ነው። አከራዩ "ነዋሪዬ ነው" ብሎ አይፈርምለትም፣ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ የወረዳ መታወቂያ አልነበረኝም፣ ሂድ ና ሲሉኝ ነበር። መታወቂያ ከሌለህ ኮሚቴው ቤትህን አያንኳኳም፤ በጣም የቸገረው ሰው ዝርዝሩ ውስጥ ሳይገባ የሚቀረው እንዲህ ነው። አሁን ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ አለ፣ የትም ብትኖር ቁጥርህ አንተው ጋ ነው። ሴፍቲኔቱ በፋይዳ ይመዝግብ፣ ሰው ከጎሮ ወደ ቱሉ ዲምቱ ቤት ሲለቅ አብሮት ይሂድ።

ነዳጁን በአጭሩ። ከሐምሌ 2014 በፊት ቤንዚን ለሁሉም ነበር የሚደጎመው፣ ብዙ የሚያቃጥለው ባለ ትልቅ መኪና ብዙ ይደጎም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ ተብሎ በቴሌብር ሆነ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ ጥሩ ተብሎ ይያዝ። ሁለት ታክሲ ይዞ ሥራ ለሚገባ የዳር ሰፈር ሰው ትርጉም ያለው ድጎማ እሱ ነበር።

[ምስል፦ ምጣድ ላይ ሊጥ ሲፈስ።]

እትዬ በመቋቋሚያዋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታለች። እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይኮመጥጥባታል፣ ያ ቀን ኪሳራ ነው፣ ለዚያ ደግሞ እፎይታ የሚባል ነገር የለም።

"ኮንዶሚኒየሙስ ድጎማ አይደለም ወይ?" ብላችሁ እንደምትጽፉልኝ አውቃለሁ። ነው፣ ያውም በዕጣ የሚሰጥ። እሱ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይፈልጋል፣ ሳምንት እመጣበታለሁ። አሁን ግን ዝናቡ ጀመረ፣ ካሜራው የተውሶ ነው፣ ልግባ።