ከዓይኗ በታች ያለው ጥላ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ወረቀት ዋጋ እንነጋገራለን ብዬ ነበር፤ ይቆየን። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ግን ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ ሲያትሙ የኖሩት የጋሼ ነገር ነው።

የአክስቴን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። ሁለቱም ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ፣ በእኩለ ቀን ነጠላዋን ተከናንባ የተነሳቻቸው ናቸው። አንዱ የፊልሙ ሣጥን ላይ በተጻፈው የፊልም ፍጥነት (ISO) 400፣ ሌላው እኔ ለክቼ ባገኘሁት 250፤ ቁጥሩ ሲያንስ ለፊልሙ የሚሰጠው ብርሃን ይበዛል። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፤ ወረቀቶቹን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዝም አሉ። ሻያቸው ቀዘቀዘ። ከዚያ የ400ውን ወደ ራሳቸው ሳቡና ከዓይኗ በታች ካለው ጥላ በላይ ጣታቸውን ሳያስነኩ ያዙት። «እሷ ይህቺ ናት» አሉ።

የ250ውን ታሪክ ልንገራችሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የእኛ ፀሐይ ጨካኝ ነው። ነጠላው ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ እንዳይሆን ፊልሙን የማጥብበትን ጊዜ አሳጠርኩ። ከግልጽ እስከ ጥቁር በየደረጃው የሚጨልመውን ባለ 21 ደረጃ መለኪያ ፊልሙ ላይ አሳርፌ ብርሃን ሰጠሁት፤ እያንዳንዱ ደረጃ በሎጋሪዝም 0.15 ነው፣ ግማሽ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። ብርሃን ሲጨምር የፊልሙ ጥቁረት እንዴት እንደሚጨምር የሚያሳየውን ኩርባ ስስል፣ ከፊልሙ የራሱ ጥቁረትና ጉም 0.10 ከፍ የምትለው ነጥብ፣ በመደበኛው ጊዜ ከታጠበው ጋር ስትነጻጸር፣ 0.20 ያህል ወደ ቀኝ፣ ወደ ብዙ ብርሃን፣ ሸሽታለች። ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ። ሣጥኑ ዋሸ ማለት አይደለም፤ የሣጥኑ ቁጥር የሚለካው ከዚያች ነጥብ 1.30 ወደ ቀኝ ሲኬድ ጥቁረቱ 0.80 እንዲጨምር ሆኖ በታጠበ ፊልም ነው። የእኔ ከዚያ የለዘበ ነው። 250 የእኔ አሠራር ቁጥር ነው።

ሐርተርና ድሪፊልድ ይህንን ኩርባ በ1890 ሲያሳትሙ አንዱ ኬሚስት፣ ሌላው መሐንዲስ ነበሩ። ይህንን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ የብርሃንን ነገር በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ አስቀምጠው «ይኸው» ማለታቸው።

ወደ ጥላው ልመለስ። ያቺ የ0.10 ነጥብ፣ የፍጥነት ነጥብ የሚሏት፣ ብርሃን መለኪያው መካከለኛ ከሚለው በሦስት ስቶፕ ከሲሶ ታች ናት። ከእሷ በታች የኩርባው ግርጌ ነው፤ ደረጃዎቹ እየተጠጋጉ ይዋጣሉ። ለሌላው ሰው እዚያ የሚወድቀው የዛፍ ሥር ሊሆን ይችላል። በእኛ ቀትር ግን ነጭ ነጠላ ሥር ያለ የጠይም ሴት ፊት ነው የሚወድቀው! ስለዚህ ነው ይህ ነገር የሚያንገበግበኝ። በ400ው ኔጌቲቭ የዚያ ቦታ ጥቁረት 0.07 አካባቢ ነው፤ በ250ው 0.12። የዓይኗ ሥር መስመሮች በሁለተኛው አሉ። በመጀመሪያው የሉም ማለት ይቻላል።

እና «እሷ ይህቺ ናት»?

መጀመሪያ ተናደድኩ። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ሲያትሙ ስለኖሩ ዓይናቸው ለምዶት ነው አልኩ። ማታ ግን ሁለቱን አምፖል ሥር ሳያቸው… በ250ው አክስቴ ደክማለች። መስመሮቹ እውነት ናቸው፣ ለክቻቸዋለሁ። በ400ው ግን ፀሐዩ እንዳስጨነቃትና እንደታገሠችው ይታያል፤ የዚያን ቀን ሁኔታዋም እንደዚያ ነበር። ታዲያ የተዋጠው ዝርዝር ምን አደረገልኝ? ወይስ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ነው እንደዚያ የታየኝ?

ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ወረቀት ነው ያተምኳቸው። ወረቀቱ ደግሞ የራሱ ኩርባ አለው፣ ግርጌም፣ ከላይ ጥቁሩ የሚዋጥበት ትከሻም፤ የፊልሙ ጥላ የሚያርፈው በወረቀቱ ትከሻ ላይ ነው። እሱን አልለካሁትም። ምናልባት ጋሼ የመረጡት ፊልሙን ሳይሆን ወረቀቱ ያደረገውን ነው። ምናልባት። ለአክስቴም ገና አላሳየኋትም፤ እሷ የ250ውን ብትመርጥ ደግሞ ለጋሼ ምን ልላቸው ነው…