ከበረት አጠገብ ያደጉ ልጆች በአስም እምብዛም የማይያዙት ለምንድን ነው?

መስፍን፦ ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ከዶክተር ሂሩት ጋር የምንወያየው በልጅነት ከአካባቢ ባክቴሪያዎች ጋር በብዛት መገናኘት ከአስም ሊጠብቅ እንደሚችል በሚያሳዩ ጥናቶች ላይ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዶክተር፣ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ቆሻሻ ለልጅ ይጠቅማል» ብሎ ይደመድማል። ከዚሁ ብንጀምርስ?

ዶ/ር ሂሩት፦ ከዚያ መጀመሩ ተገቢ ነው፤ ጥናቶቹ እንዲህ አይሉምና። ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው ዴቪድ ስትራካን የተባሉ ብሪታንያዊ ተመራማሪ በ1989 ባወጡት ጽሑፍ ነው። በመጋቢት 1958 የተወለዱ ከ17,000 በላይ ብሪታንያውያንን መረጃ መርምረው፣ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች ያሏቸው ልጆች በአበባ ብናኝ አለርጂ እምብዛም እንደማይጠቁ አስተዋሉ፤ ምክንያቱም ከታላላቆቻቸው የሚጋባባቸው ተላላፊ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ግን ትኩረቱን ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይልቅ በአፈር፣ በእንስሳትና በገለባ ላይ ወደሚኖሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ወደማያደርሱት ባክቴሪያዎች አዙሯል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ልጅን ለኩፍኝ ወይም ለተቅማጥ ማጋለጥ ከአስም ያድናል የሚል ማስረጃ የለም።

መስፍን፦ ይህን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች መካከል እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሳበኝ በአሜሪካ የሚኖሩትን አሚሾችንና ሁተራይቶችን ያነጻጸረው ነው። እስቲ በዝርዝር ያብራሩልን።

ዶ/ር ሂሩት፦ በ2016 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት ነው፤ ከመሪዎቹ መካከል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዋ ካሮል ኦበር፣ የሙኒኳ ኤሪካ ፎን ሙቲየስና የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዋ ዶናታ ቨርቼሊ ይገኙበታል። ሁለቱ ማኅበረሰቦች ከአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች አካባቢ የፈለሱ ገበሬዎች ናቸው፤ በዘር ሐረግ ይቀራረባሉ፣ ብዙ ልጆች ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸውን ለረጅም ጊዜ ጡት ያጠባሉ፣ ያልፈላ ወተት ይጠጣሉ፣ በቤት ውስጥም ውሻና ድመት አያኖሩም። የሚለያዩት በአስተራረሳቸው ነው። የኢንዲያናዎቹ አሚሾች እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን አነስተኛ የወተት እርሻ ይዞ በፈረስ ያርሳል፣ በፈረስ ጋሪም ይጓዛል፤ የደቡብ ዳኮታዎቹ ሁተራይቶች ግን በትላልቅ የጋራ እርሻዎች ላይ ዘመናዊ መሣሪያ ይጠቀማሉ። የአሚሽ በረት ከመኖሪያ ቤቱ ብዙም ስለማይርቅ ሕፃናቱ ሲገቡበት ሲወጡበት ይውላሉ፤ የሁተራይት ልጆች ከከብቶቹ ጋር ይህን ያህል ቅርበት የላቸውም።

መስፍን፦ በአስም ረገድ ያለው ልዩነትስ?

ዶ/ር ሂሩት፦ ቀደም ባሉ ጥናቶች አስም ያለባቸው የአሚሽ ተማሪዎች 5.2 በመቶ፣ የሁተራይት ተማሪዎች ደግሞ 21.3 በመቶ ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት ከእያንዳንዱ ወገን ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 30 ልጆች ተመርጠው ተመረመሩ፤ ከሁተራይቶቹ 6ቱ አስም ነበረባቸው፣ ከአሚሾቹ ግን አንድም አልነበረም። ከዚያ የቤታቸው አቧራ ተሰብስቦ ሲለካ፣ ኢንዶቶክሲን የሚባለው የባክቴሪያ ቅርፊት አካል በአሚሾቹ ቤት 6.8 እጥፍ በልጦ ተገኘ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሁለቱም ወገኖች ቤት ንጹሕ መሆኑ ነው። የአሚሽ እናቶች ቤታቸውን ይጠርጋሉ፣ ያጥባሉ፤ ባክቴሪያው ግን ከበረቱ ጋር ካላቸው ቅርበት የተነሣ በልብስና በጫማ፣ በአየርም ወደ ቤት ይገባል።

መስፍን፦ አንድ ተጠራጣሪ «ምክንያቱ አቧራው ሳይሆን ምግባቸው ወይም ሌላ ነገር ቢሆንስ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመልሱለታል?

ዶ/ር ሂሩት፦ ተመራማሪዎቹም ይህን ጥያቄ ስለጠበቁት አቧራውን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት። አይጦችን አለርጂ በሚቀሰቅስ የእንቁላል ፕሮቲን የአስም ዓይነት ሕመም እንዲይዛቸው እያደረጉ፣ ለገሚሶቹ የአሚሽ፣ ለሌሎቹ የሁተራይት ቤት አቧራ ብጥብጥ በአፍንጫቸው ሰጧቸው። የአሚሾቹ አቧራ የአየር ቧንቧቸውን ከመቆጣት ጠበቀው፤ የሁተራይቶቹ ግን አልጠበቀውም። ቀጥለውም ባክቴሪያ መኖሩን ለሕዋስ የሚያስታውቁት ማይዲ88 እና ትሪፍ የተባሉ ሞለኪውሎች በሌሏቸው አይጦች ላይ ሙከራውን ሲደግሙት ጥበቃው ጠፋ። በእኔ አስተያየት የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ አቧራው የሚሠራው አብሮን በሚወለደው የበሽታ መከላከያ ሥርዓት በኩል መሆኑን አሳይቷልና።

መስፍን፦ ይህ ሥርዓት በባክቴሪያ መነካካቱ አስምን የሚከለክለው እንዴት ነው? ባክቴሪያ ሲገባ ሰውነት ይበልጥ መቆጣት አልነበረበትም?

ዶ/ር ሂሩት፦ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲገባ ይቆጣል። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ሲገናኝ ግን ምላሹን ማለዘብ ይማራል። የቤቱን ሰው ከእንግዳ ለይቶ ያልተማረ ውሻ በመጣው ሁሉ ላይ እንደሚጮህ፣ ያልሠለጠነ የመከላከያ ሥርዓትም በአበባ ብናኝና በአቧራ ትል፣ ማለትም በቤት አቧራ ውስጥ በሚኖር በዓይን የማይታይ ደቃቅ ተባይ፣ ላይ ይነሣል። በ2015 ቤልጂየም ጌንት የሚገኙት ባርት ላምብሬክትና ሐሚዳ ሐማድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን በአይጦች አሳይተዋል። አይጦቹ አነስተኛ ኢንዶቶክሲን ደጋግመው ሲሰጣቸው፣ የአየር ቧንቧቸውን የሚሸፍኑት ሕዋሳት ኤ20 የተባለውን ቁጣ አብራጅ ፕሮቲን በብዛት ስለሚያመርቱ ለአቧራ ትል የሚሰጡት ምላሽ በረደ፤ ይህ ፕሮቲን ከሳንባቸው ሕዋሳት እንዲጠፋ በተደረጉት ላይ ግን ጥበቃው አልታየም።

መስፍን፦ ወደ አገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያ ገጠርም በከብት የተሞላ ነው።

ዶ/ር ሂሩት፦ በዚህ ዘርፍ በዓለም ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የጅማ ጥናት መሆኑ ያኮራኛል። የጅማን ከተማ ነዋሪዎች ከአካባቢው ገጠር ሕዝብ ጋር አነጻጽሮ፣ አስምና ሲተነፍሱ ደረት ሲር ሲር ማለት በከተማው ይበልጥ እንደሚታይ አሳይቷል። በ2001 በዚሁ አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ መንጠቆ ትል በብዛት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ምልክት ያነሰ መሆኑን አመልክቷል። ሆኖም መንጠቆ ትል ደም ማነስ የሚያመጣ በሽታ ስለሆነ መታከም አለበት፤ በትል ተይዞ መኖርን ማንም ሐኪም አይመክርም።

መስፍን፦ ከከብት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ቤተሰቦች አሉ። እነርሱስ ተጠቃሚ ናቸው ማለት ነው?

ዶ/ር ሂሩት፦ እንዲህ ብዬ አልናገርም። ከከብት ጋር ማደር ብሩሴሎሲስን፣ አባ ሰንጋንና ሌሎች በሽታዎችን ሊያመጣ ይችላል፤ የማገዶ ጭስ ደግሞ የሕፃናትን ሳንባ በቀጥታ ይጎዳል። የአሚሽ ከብቶች የሚያድሩት በበረት ነው፣ ልጆቹ የሚያድሩት በቤት ነው። ያልፈላ ወተትም ቢሆን በአውሮፓ ጥናቶች ከአነስተኛ የአስም ቁጥር ጋር ተያይዞ ቢታይም፣ የሚያመጣው በሽታ ከባድ ስለሆነ ወተት መፍላት አለበት። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ እነዚህን የሚተካ ነገር የለም።

መስፍን፦ ታዲያ በኮንዶሚኒየም ልጅ የምታሳድግ እናት ከዚህ ምን ልትወስድ ትችላለች?

ዶ/ር ሂሩት፦ በመጀመሪያ፣ ጊዜው ወሳኝ ነው፤ በአውሮፓ እርሻዎች የተደረጉ ጥናቶች ጥበቃው የሚጠነክረው ግንኙነቱ በእርግዝናና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲሆን እንደሆነ ያመለክታሉ። በ2020 በፊንላንድ ይፋ የሆነ ሙከራ ደግሞ ተስፋ ይሰጣል፤ ጠጠር በነበረው የሕፃናት ማቆያ ግቢ ውስጥ የጫካ አፈርና ሣር ሲነጠፍ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ቆዳ ላይ ያለው የባክቴሪያ ዓይነት በ28 ቀን ውስጥ በዝቷል፣ በደማቸውም ቁጣን ከማብረድ ጋር የተያያዙ ምልክቶች ጨምረዋል። ሙከራው አስም መቀነሱን አልለካም፤ ቢሆንም ልጅ በአፈርና በሣር ላይ እንዲጫወት መፍቀድ፣ ከምግብ በፊት እጁን እስካስታጠብነው ድረስ፣ ጉዳት የለውም። ሲሚንቶ ብቻ የተነጠፈባቸው የመዋዕለ ሕፃናት ግቢዎቻችን በእውነት ያሳስቡኛል።

መስፍን፦ አስም የያዘው ልጅ ያላቸው ወላጆችስ ወደ ገጠር ሊወስዱት ያስቡ ይሆን?

ዶ/ር ሂሩት፦ ለሕክምና ብለው እንዳያደርጉት እለምናቸዋለሁ። አስሙ ከጀመረ በኋላ የበረት አቧራና የገለባ ብናኝ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የምንነጋገርበት ጥበቃ ከሕመሙ በፊት ስለሚሆነው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የሚያስፈልገው ሐኪም ያዘዘለት የአየር ቧንቧን ቁጣ የሚቀንስ ኢንሄለር ነው፤ ደህና በሆነበት ቀንም በታዘዘው መሠረት ሊጠቀምበት ይገባል። ወደ አያቶቹ አገር ሲሄድም ኢንሄለሩ ከእርሱ ጋር ይሂድ።