ላባ ቢል ምን ነበረበት?

እ... ሰላም የከፊራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ላይ ሶማሊኛ የምትለማመዱ። ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፣ ግን ያ ልጅ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

የግመል ወተት መሸጫው ጋ ነው። አጥንቶ መምጣቱ ያስታውቃል። "ኤዶ፣ አኖ ጌል ዋ ኢሚሳ?" አላት ሻጯን፣ በሶማሊኛ። አክስቴ፣ የግመል ወተት ስንት ነው መሆኑ ነው። እሷ ጀሪካኗን አዘንብላ፣ ጥርት ባለ አማርኛ "ስንት ሊትር ልቅዳልህ?" እሱም "ሁለት"። አለቀ።

ሁሌ የምታማርሩት ይህንኑ አይደል? ድሬ ላይ አፋችሁን ስትከፍቱ ሰው ወደ አማርኛ ይገለብጥላችኋል። እሱን ያስነቃችበት "አኖ" ትመስለኛለች። ቃሉ ዓኖ ነው፣ በዓይኑ ዐ፤ ጉሮሮ ጠበብ ተደርጎ ነው የሚወጣው። እኛ እኮ ፊደሉን ይዘን ድምፁን ጥለነዋል። ትግርኛ የሚችል ወይም ቁርአን የቀራ እዚህ ላይ ይቀድማችኋል። ሐመሩ ሐም እንደዚያው፦ መነጽር ልትወለውሉ "ሃ" እንደምትሉት፣ ግን ጉሮሮን ወደ ታች አጥብቆ። ስድስት "ሊሕ" ነው። በኛ ሀ ካላችሁት ጭራው ይጠፋና "ሊ" ብቻ ይቀራል።

ቁጥር ካነሳን፣ ኦሮምኛ ያላችሁ አትኩራሩ። ሁለት በኦሮምኛ ላማ፣ በሶማሊኛ ላባ ነው፣ የዶሮው አይደለም። አምስት በሁለቱም ሻን። ሁለቱም ኩሻዊ ናቸው፣ ዘመዳሞች። ከዚያ ወጥመዱ ይመጣል፦ "ሳዴት" በኦሮምኛ ስምንት፣ "ሳዴሕ" በሶማሊኛ ሦስት! ሦስት ሊትር ሲባል ስምንት የሚሰማ ጆሮ አለ። ጀሪካን ጨምሩ እንግዲህ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ልጁ። እኔን የከነከነኝ የሷ አማርኛ አይደለም፣ የሱ "ሁለት" ነው። ላባ ቢል ምን ነበረበት? እሷ በአማርኛ ትጠይቅ፣ እሱ በሶማሊኛ ይመልስ፤ እዚህ አገር ነውር አይደለም። ሁለት ሦስት ዙር ከጸናችሁ ብዙ ሰው ይመለስላችኋል። እምቢ ካለ "አፍ ሶማሊ ኢጉላ ሃደል"፣ በሶማሊኛ አናግሪኝ። ያልሰማችሁትን "ማር ካሌ"፣ እንደገና። ኧረ ማር አይደለም፣ በየሳምንቱ አትጻፉልኝ!

ደግሞ... ከኋላው ሰው ተሰልፏል፣ ወተት ሙቀት አይችልም። ሴትየዋ ሥራ ላይ ናት እንጂ አስተማሪ አይደለችም። ሰልፍ ሲሳሳ፣ መጀመሪያ ገዝቶ፣ ከዚያ ነው መለማመድ። እንዲህ እላለሁ፣ ግን ሰልፍ የሳሳ ጊዜ ወተቱስ ይኖራል?

አንድ ነገር ግን፣ ስትቀዳለት "ኮው... ላባ..." እያለች ነበር። እሱ አጎንብሶ ብር ይቆጥራል። ለሱ ብላ ይሁን፣ እንዲሁ ልማዷ ሆኖባት... እንጃ። ቆይ፣ ባጃጅ መጣ፣ ይለፍ...